ናይሎን ሳይቀልጥ ሲያድግ፤ የጭማሪ ቅመሞች ጥቅምና ጉዳት

(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው አርእስት ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ናይሎን ከተሠራ በኋላ ሳይቀልጥ፥ በጠጣርነቱ እንዳለ፥ በሙቀት ብቻ ሰንሰለቱ ይበልጥ እንዲረዝም ስለሚደረግበት ዘዴ፥ እንዲሁም በዚህ ጊዜ በውስጡ የሚገኙት ጭማሪ ቅመሞች ስለሚያመጡት ለውጥ እንናገራለን። የኬሚስትሪ ተማሪ ያልሆነው ወንድማችን ወይም እኅታችን «ይህ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ትሉ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በመኪና ግጭት ጊዜ በቅጽበት ተነፍቶ የነጂውን ፊትና ደረት የሚያድነው የአየር ከረጢት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከናይሎን ክር ነው። ገደል የሚወጣው ሰው የሚታሰርበት ገመድ፥ የዓሣ አጥማጁ መረብ፥ በብዙ ጎማዎች ውስጥ የተሸሸገው ክር ናይሎን ነው። እነዚህ ሁሉ የሰው ሕይወትና እንጀራ የተንጠለጠለባቸው ነገሮች ናቸው። ጥንካሬያቸውም የሚመጣው ከሰንሰለታቸው ርዝመት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ነገር ግን ድሩ ራሱ አጫጭር ቁርጥራጭ ከሆነ ቢያብርም አያስርም።

በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የሙቀት ልኮቹም በሴንቲግሬድ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን። «ካታሊስት» የሚለውንም ቃል እንዳለ እንወስደዋለን፤ ትርጉሙ ሥራውን አፋጥኖ በመጨረሻ ራሱ የማያልቅ ቅመም ማለት ነው።

የናይሎን አመጣጥ

ናይሎን 66 የተባለው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1935 በፌብሩዋሪ ወር በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ የሙከራ ቤት፥ ዶክተር ዋላስ ካሮዘርስ በሚመሩት የምርምር ቡድን ነው። ካሮዘርስ በ1937 ስለ ሞቱ ከናይሎን የተሠራው የሴቶች ካልሲ በ1940 ለገበያ ሲቀርብ ለማየት አልታደሉም። በጀርመን አገር ደግሞ ፓውል ሽላክ በ1938 ካፕሮላክታም ከሚባለው ቅመም ናይሎን 6ን ሠራ። ከካሮዘርስ ጋር ይሠራ የነበረው ወጣቱ ፓውል ፍሎሪ ናይሎን ሳይቀልጥ ሰንሰለቱን ማስረዘም እንደሚቻል በ1939 በፓተንት አስመዘገበ፤ ይኸው ሰው በ1974 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ ዛሬ የምንናገርበት ዘዴ ዕድሜው ከናይሎን ዕድሜ ብዙም አያንስም።

ሰንሰለቱና ጫፎቹ

የናይሎን ሞሊኪውል ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ አለው። ጫፉ የአሚን ወይም የአሲድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የአንዱ ሰንሰለት የአሚን ጫፍ ከሌላው ሰንሰለት የአሲድ ጫፍ ጋር በተገናኘ ጊዜ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ከመያያዛቸውም አንድ የውሃ ሞሊኪውል ይወጣል። ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ዳሩ ግን ውሃው ከአጠገባቸው ካልራቀ ተመልሶ ማያያዣውን ይቈርጠዋል። ስለዚህ ሥራው ሁለት መንገድ ያለው ነው፤ ውሃ ሲወገድ ሰንሰለቱ ይረዝማል፥ ውሃ ሲገባ ያጥራል።

አሁን ጥቂት ቍጥር እንድንጠቅስ ፍቀዱልን፤ ያለ ቍጥር የሚከተለው ሁሉ ባዶ ወሬ ይሆናልና። ከጫፎቹ መካከል ከመቶ 99ኙ ሲያያዙ ሰንሰለቱ በአማካይ 100 ቀለበት ይኖረዋል። ከመቶ 99 ከግማሽ ሲደርስ ግን 200 ቀለበት ይሆናል። የግማሽ በመቶ ልዩነት ርዝመቱን እጥፍ አደረገው ማለት ነው። በናይሎን ውስጥ የአንዱ ቀለበት ክብደት በአማካይ 113 ስለ ሆነ፥ 100 ቀለበት ያለው ሰንሰለት የሞሊኪውል ክብደቱ 11,300፥ 200 ያለው ደግሞ 22,600 ይሆናል።

ሌላ ሒሳብ እንጨምር። በአንድ ኪሎ ግራም ናይሎን ውስጥ 60 ሚሊሞል ሰንሰለት አለ እንበል፤ ሚሊሞል የሞል አንድ ሺህኛ ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ሁለት ጫፍ ስላለው የጫፉ ብዛት 120 ሚሊሞል ይሆናል፤ አማካይ የሞሊኪውል ክብደቱም ወደ 16,700 ይደርሳል። ይህን እጥፍ ለማድረግ 30 ሚሊሞል ማያያዣ መፈጠር አለበት፤ ከዚያ የሚወጣው ውሃ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ናይሎን ለተራ ሥራ የሚበቃ ከመሆን አልፎ ለከባድ ሥራ የሚበቃ የሚሆነው ግማሽ ግራም ውሃ በመውጣቱ ነው። ጭማሪ ቅመም ከግራም ክፍልፋይ በማይበልጥ መጠን ይህን ሁሉ የሚያቃና ወይም የሚያበላሽ ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ሳይቀልጥ ማሳደግ ለምን አስፈለገ?

ናይሎን 66 የሚቀልጠው በ265 ዲግሪ፥ ናይሎን 6 ደግሞ በ220 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰንሰለቱን በቅልጡ ውስጥ እንዳለ ማስረዘም ይቻላል፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ በረዘመ ቍጥር ቅልጡ እንደ ወፈረ ማር እየሆነ ይሄዳል፤ ማማሰያውም ይከብዳል፥ ውሃውም ከውስጡ አልወጣ ይላል። ሙቀቱ ቢጨመርና ጊዜው ቢረዝም ደግሞ ሰንሰለቱ መፈራረስና መቅጠል ይጀምራል፤ ናይሎን 66ማ በቅልጥነቱ ብዙ ከቈየ እርስ በርሱ ተቈላልፎ ዳግመኛ የማይቀልጥ ጓል ያበጃል። በናይሎን 6 በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው፤ በቅልጡ ውስጥ ከመቶ 8 እስከ 10 የሚሆን ካፕሮላክታም ሳይያያዝ ይቀራል፤ ይህንንም በሙቅ ውሃ አጥቦ ማውጣት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ባለ ፋብሪካዎች ናይሎኑን መካከለኛ ርዝመት እስኪደርስ በቅልጡ ይሠሩታል፤ ከዚያም በእንክብል መልክ ቈርጠው፥ ከመቅለጫው በታች በሆነ ሙቀት፥ ደረቅ ናይትሮጂን እየነፈሰበት ወይም አየሩ ተመጦ፥ ለብዙ ሰዓት ያቈዩታል። ናይትሮጂን የሚመረጥበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ ውሃውን ጠርጎ ይወስዳል፤ ሁለተኛ የአየር ኦክሲጅን እንዳይቀርብ ይከላከላል፤ ትኩስ ናይሎን ኦክሲጅን ሲነካው ቢጫ ይሆናልና።

በጠጣሩ ውስጥ ምን ይሆናል? ከናይሎኑ ግማሽ ያህሉ ሰንሰለቱ በሥርዓት ተደርድሮ የታሰረበት ክሪስታል ነው፤ የቀረው ሥርዓት የሌለውና ሲሞቅ መወዛወዝ የሚችል ክፍል ነው። ክሪስታሉ ሲደረደር ጫፎችንና ባዕድ ነገሮችን ወደ ውጭ ይገፋል። ከዚህም የተነሣ ጫፎቹ በልቅ ክፍሉ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ቦታው በግማሽ ስለ ጠበበ በዚያ ያሉት ጫፎች እጥፍ ያህል ይቀራረባሉ። ቅመሞቹም እንደዚሁ ተገፍተው እዚያው ይከማቻሉ። ከመቅለጫው በታች በሆነ ሙቀት ሥራው ሊካሄድ የቻለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ አራት እርምጃ አለ። ጫፉ ተወዛውዞ ጓደኛውን ማግኘት፤ ሁለቱ መያያዝ፤ የተፈጠረው ውሃ በእንክብሉ ውስጥ ሰርጎ እስከ ገጹ መድረስ፤ ከገጹም ወደ ጋዙ መውጣት። የጠቅላላው ሥራ ፍጥነት የሚወሰነው ከአራቱ በዘገየው ነው። ይህን ነጥብ በአእምሯችሁ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ስለ ጭማሪ ቅመም ሁለት ተመራማሪዎች ተቃራኒ ውጤት ሲያገኙ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በአንዱ ሙከራ የዘገየው እርምጃ በሌላው ሙከራ ከዘገየው የተለየ መሆኑ ነው።

አፋጣኝ ቅመሞች

ከአፋጣኞቹ ዋነኞቹ የፎስፎረስ ዘሮች ናቸው፤ ፎስፎሪክ አሲድ፥ ፎስፎረስ አሲድ፥ ሶዲየም ሃይፖፎስፋይትና የመሳሰሉት። እነዚህ የአሲዱን ጫፍ ለጊዜው ይዘው አሚኑ በቀላሉ እንዲደርስበት ያዘጋጁታል፤ ማያያዣው ሲፈጠር ተለቀው ወደ ሌላ ጫፍ ያልፋሉ። ስለዚህ ጥቂቱ ለብዙው ይበቃል። በአንድ ኪሎ ናይሎን ውስጥ አንድ አሥረኛ ግራም ሶዲየም ሃይፖፎስፋይት ቢገባ ብዛቱ ከአንድ ሚሊሞል ብዙ አይበልጥም፤ ቀድሞ በጠቀስነው ኪሎ ውስጥ ግን 120 ሚሊሞል ጫፍ ነበረ።

«እንግዲያው ብዙ ጨምረን ለምን ቶሎ አንጨርስም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ሦስት ምክንያት አለንና።

አንደኛ፥ ፎስፎሪክን የመሰለ ጠንካራ አሲድ የአሚኑን ጫፍ ራሱን ይይዘዋል፤ የተያዘ አሚን ደግሞ ሊያያዝ አይችልም። በአንድ ኪሎ ውስጥ አንድ ግራም ፎስፎሪክ አሲድ ብንጨምር አሥር ሚሊሞል ያህል ይሆናል፤ ከስድሳው የአሚን ጫፍ አንድ ስድስተኛውን ሊያስር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የቅመሙ መጠን ሲጨምር ፍጥነቱ መጀመሪያ ይጨምራል፥ ቈይቶም ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፥ ካታሊስቱ መያያዙን ካፈጠነ የዘገየው እርምጃ የውሃው መውጣት ይሆናል። በትልቅ እንክብል ውስጥ ይህ ሲደርስ ገጹ ረጅም ሰንሰለት፥ እንብርቱ አጭር ሰንሰለት ይይዛል፤ እንደ ተቻኰለ ዳቦ ቅርፊቱ በስሎ ውስጡ ሊጥ ይቀራል ማለት ነው። መድኃኒቱ ተጨማሪ ካታሊስት አይደለም፤ እንክብሉን ማሳነስ ወይም ጋዙን ይበልጥ ማድረቅ ነው። የውሃው ጕዞ ሥራውን የያዘው ከሆነ፥ የእንክብሉ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጀው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ካታሊስት መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ ያፋጥናል እንጂ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን አይስብም። ናይሎኑ አድጎ ከተሸጠ በኋላ ገዢው እርጥብ እንደ ሆነ ቢያቀልጠው፥ ሰንሰለቱን ያስረዘመው ያው ቅመም በዚያው ፍጥነት ያስቈርጠዋል። ናይሎን ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ስለዚህ ካታሊስት ያለበትን ናይሎን የሚሸጥ ሰው «ሳታደርቅ አታቅልጥ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ አብሮ ካልሰጠ ጥንካሬ ሳይሆን ድክመት ሸጧል እንላለን።

አጋጅ ቅመሞች

ሁለተኛው ወገን ሰንሰለቱ እንዳያድግ የሚያግድ ነው። ምሳሌው አሴቲክ አሲድ ነው። አንድ ክንድ ብቻ ስላለው ከአሚን ጫፍ ጋር ይያያዝና ጫፉን ይዘጋዋል። ፋብሪካዎች ይህን የሚያደርጉት አውቀው ነው፤ የቅልጡ ወፍራምነት ከመጠን እንዳያልፍ ይፈልጋሉና። በጠጣርነት ለማሳደግ ሲታሰብ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ርዝመታቸው አንድ የሆነ ሦስት ናይሎን እንመልከት፤ እያንዳንዱ በኪሎ 120 ሚሊሞል ጫፍ አለው። የመጀመሪያው 60 አሚንና 60 አሲድ አለው። ሁለተኛው 30 አሚንና 90 አሲድ አለው። ሦስተኛው 40 አሚንና 40 አሲድ ሲኖረው 40ው ጫፍ ተዘግቷል፤ ለዚህም በኪሎ 2.4 ግራም አሴቲክ አሲድ ይበቃል። ፍጥነቱ በሁለቱ ጫፎች ብዛት ብዜት ይወሰናል ብንል፥ ለመጀመሪያው 60 ጊዜ 60 ማለት 3,600፥ ለሁለተኛው 2,700፥ ለሦስተኛው 1,600 እናገኛለን። በወፍራምነት መለኪያ ብቻ ብናያቸው ሦስቱ አንድ ናቸው፤ በምድጃው ውስጥ ግን አይገናኙም።

ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ይብሳል። ርዝመቱን እጥፍ ለማድረግ ሁሉም 30 ማያያዣ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው 30 ጫፍ ከየወገኑ ይተርፈዋል፤ ብዜቱም 900 ነው። ሦስተኛው ከየወገኑ የሚተርፈው 10 ብቻ ስለ ሆነ ብዜቱ 100፥ የመጀመሪያው ዘጠነኛ እጅ ነው። ሁለተኛው ግን የመጨረሻዋን አሚን ሳይቀር ካልጨረሰ እጥፍ ሊሆን አይችልም፤ ይህም በተግባር የማይደረስበት ነው። ስለዚህ ካታሊስት ከመፈለግ በፊት ጫፎችን መቍጠር ይቀድማል።

ዳር ተመልካች የሚመስሉ ቅመሞች

ሦስተኛው ወገን ለሌላ ጕዳይ የገባ ነው። የክርን አንጸባራቂነት ለመቀነስ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ይገባል፤ በከፊል ለደበዘዘ ክር ከመቶ 0.3 ያህል፥ ፈጽሞ ለደበዘዘ እስከ 2 ድረስ። ሙቀትን እንዲችል የመዳብ ጨው ከአዮዳይድ ጋር፥ ፀሐይን እንዲችል ጥቍር ካርቦን፥ ቶሎ እንዲረጋ የታልክ ዱቄት ይጨመራል። እነዚህ ከጫፎቹ ጋር አይያያዙም፤ ስለዚህ «ምንም አያደርጉም» የሚባልበት ጊዜ አለ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

ደቃቅ ዱቄት ክሪስታል የሚጀመርበት መነሻ ይሆናል። ክሪስታል ሲበዛ በአንድ በኩል ጫፎቹ በጠበበው ልቅ ክፍል ይበልጥ ይሰበሰባሉ፥ ይህም ይረዳል። በሌላ በኩል ሰንሰለቱ የመወዛወዝ ነፃነቱ ይቀንሳል፤ የውሃውም መንገድ ይጠማዘዛል፥ ይህም ያግዳል። የትኛው እንደሚያሸንፍ በእንክብሉ መጠንና በሙቀቱ ይወሰናል። መዳቡና ጓደኞቹ ደግሞ በረጅሙ ሙቀት ጊዜ ካመለጠ ኦክሲጅን ይከላከላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅመሞች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ አልካሊ ጠባይ ያለው ጭማሪ ከአሲዱ ካታሊስት ጋር ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ኀይል ያጠፋል። አንድ ቅመም ለብቻው ተፈትኖ ጥሩ ስለ ሆነ በድብልቁ ውስጥም ጥሩ ነው ማለት አይቻልም።

የሚጨመርበትም ጊዜ ለውጥ ያመጣል። በመጀመሪያው ፈሳሽ ውስጥ የገባ ቅመም በእንክብሉ ሁሉ እኩል ይዳረሳል፤ እንክብሉ ከተቈረጠ በኋላ የተነከረበት ቅመም ግን በገጹ አጠገብ ይበዛል። ያው መጠን ሁለት ልዩ ልዩ ውጤት ይሰጣል።

እውነቱ እንዴት ይታወቃል?

አንድ ሰው «ይህ ቅመም ናይሎኑን አሳደገው» ሲለን አራት ነገር ልንጠይቀው ይገባል እንላለን። ቅመም የሌለበት ናይሎን በዚያው ምድጃ፥ በዚያው ሰዓት፥ በዚያው የእንክብል መጠን ጐን ለጐን ተፈትኗልን? ጋዙ ምን ያህል ደረቅ ነበር? ወፍራምነቱ ብቻ ተለካ ወይስ ጫፎቹም ተቈጠሩ? ቅመሙ ራሱ በመለኪያው ውስጥ አልገባምን?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች እንዲያው የተጠየቁ አይደሉም። የናይሎን ወፍራምነት የሚለካው በፎርሚክ አሲድ ወይም በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ ነው፤ ጫፎቹ ደግሞ በአሲድና በአልካሊ ጠብታ ይቈጠራሉ። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን ናይሎን በአልካሊ ጠብታ የሚቈጥር ሰው ቅመሙን እንደ ናይሎን ጫፍ ሊቈጥረው ይችላል። እንዲሁም ጫፎቹ በጥቂቱ ቀንሰው ወፍራምነቱ በብዙ ቢጨምር ሰንሰለቱ በቀጥታ አልረዘመም፤ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ቅርንጫፍ የበዛበት ናይሎን ጥሩ ክር ሆኖ አይሳብም።

እኛን የሚመለከተው

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ናይሎን ከመነሻው የሚሠራ ፋብሪካ ለሚመራ ሰው ይህ ይጠቅመዋል፤ እንክብል ገዝቶ አቅልጦ ዕቃ ለሚያወጣው ግን ምን ያደርግለታል?» ብለው ተከራክረውናል። ክርክሩን እናከብራለን፤ ግን አንቀበለውም። እንክብል የሚገዛ ሰው ከእንክብሉ ጋር በውስጡ ያለውን ቅመም ሁሉ ገዝቷል። ካታሊስት እንዳለበት ሳያውቅ እርጥቡን ቢያቀልጥ ዕቃው ይሰነጠቃል፤ ጥፋቱንም በመኪናው ወይም በሠራተኛው ያሳብባል። አሮጌ መረብና ምንጣፍ ሰብስቦ ዳግመኛ ለመጠቀም የሚያስብ ሰውማ ከዚህ የባሰ ፈተና አለበት። ያረጀ ናይሎን ሰንሰለቱ አጥሯል፤ በጠጣርነት ማሳደግ ርዝመቱን ከሚመልሱለት መንገዶች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ከአሥር ልዩ ልዩ ቦታ የመጣ ናይሎን አሥር ልዩ ልዩ ቅመም ይዞ ይመጣል። ቀለሙ፥ መዳቡ፥ የተዘጋው ጫፍ፥ የቀረው ካታሊስት በአንድ ምድጃ ይገናኛሉ። ሳይመረምሩ ማሞቅ ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከእኛ መካከል ኬሚስትሪና ኢንጂኔሪንግ የሚማሩ ሁሉ ጫፍ መቍጠርንና ወፍራምነት መለካትን እንደ ተራ ነገር በእጃቸው ይልመዱ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ብርጭቆ፥ ሚዛን፥ የጠብታ ቱቦና ትዕግሥት የሚጠይቁ ናቸው፤ በላያቸው አሲድ ስለሚገባባቸው መነጽርና ጓንት ደግሞ ግዴታ ነው። መምህራኖቻችንም ለዚህ የላቦራቶሪ ሰዓት እንዲመድቡልን በአክብሮት እንለምናለን። ሻጩ በወረቀት የጻፈውን አንብቦ ከማመን፥ ግማሽ ግራም ውሃ የሚያመጣውን ልዩነት በራስ እጅ ለክቶ ማወቅ ይሻላል። የአየር ከረጢቱ በቅጽበት ሲነፋ ክሩ የሚጠየቀው ምን ያህል ሰንሰለቱ እንደ ረዘመ እንጂ በወረቀቱ ላይ ምን እንደ ተጻፈ አይደለም።

 ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያለው ሁሉ እንዲናገር መድረኩን ክፍት እናደርጋለን።